ዮታቤ የት ናት? ለአፄ ካሌብ ሰባት መርከብ የሰጠችው ደሴት ክርክር

አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። የዚህ ሳምንት ክርክራችን ዮታቤ ናት። ለማያውቃት ባጭሩ ልበል። በ5ኛውና በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቀይ ባሕር ሰሜን ጫፍ የነበረች የቢዛንታይን የንግድ ደሴት ናት። ከህንድ በኩል የሚመጣ ዕቃ እዚያ ይቀረጥ ነበር። ነጋዴ ነበራት፣ ቀራጭ ነበራት፣ ጳጳስ ሳይቀር ነበራት። ከዚያ ከመዝገብ ጠፋች። ብዙ ካርታ «የዛሬዋ ቲራን» ብሎ ያልፋታል፤ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ ያለችውን ደሴት ማለቱ ነው። ጥያቄው፦ እውነት ቲራን ናት ወይ? ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ይሁኑ፤ ባለፈው በሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ስንነታረክ ነው የመሸው። ስድብ የለም። ፖለቲካ መግባቱ አይቀርም፣ ግን በልክ።

ቀለሟ፦
እኔ ቲራን ናት ባይ ነኝ። ብዙ የሚያከራክርም አይመስለኝም። ዋናው ምስክር ፕሮኮፒዮስ ነው፣ የቢዛንታይኑን ንጉሥ የዩስጢንያኖስን ጦርነቶች የጻፈው ሰው። መንገዱን ቁጭ አድርጎ ነው የሚያሳይህ። ከአይላ ትነሣለህ፣ ማለትም ከዛሬዋ አቃባ። ባሕሩ ጠባብ ነው። በቀኝህ የግብፅ ወገን ተራራ፣ በግራህ ምድረ በዳ እያየህ ትወርዳለህ። ሁለቱም ዳር እስከ ዮታቤ ድረስ ከዓይንህ አይጠፋም። ደሴቲቱ ከአይላ ከ1000 ምዕራፍ የማያንስ ትርቃለች። ከእሷ በኋላ ሰፊው ባሕር ይከፈታል። በቀኝ ያለው ምድር ይጠፋል። መርከበኛው ሲመሽበት በግራው ዳርቻ መልሕቁን ይጥላል፤ ውኃው ውስጥ ድንጋይ ስለበዛ በጨለማ አይኬድበትም።

ምዕራፍ ያልኩት ወንጌል ኤማሁስን ከኢየሩሳሌም ስድሳ ምዕራፍ ትርቃለች ሲል የሚጠቀምበትን ልክ ነው። አንዱ 185 ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ 1000ው 185 ኪሎ ሜትር ነው። በሉ ካርታ ክፈቱና ከአቃባ ወደ ደቡብ ለኩ። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ልክ ባሕረ ሰላጤው በሚያልቅበት ቦታ ማን ተኝታለች? ቲራን። ሌላ ምን ይምጣላችሁ?

የአዱሊስ ነጋዴ፦
እህቴ ቀለሟ፣ ልኬቱ ያምራል። አንድ ነገር ብቻ ጎድሎታል፤ ሰፈሩ የለም።

ከ1956ቱ የስዊዝ ጦርነት በኋላ ቤኖ ሮተንበርግ የሚባል የአርኪዮሎጂ ሰው ቲራን ላይ ወርዶ ፈልጓል። የቢዛንታይን ዘመን ሰፈር ፍርስራሽ አላገኘም። ምንጭም የላትም። ደረቅ ድንጋይ ናት።

አሁን ደግሞ ዮታቤ ላይ ምን ነበር ተብሎ እንደተጻፈ እንይ። በ498 ሮማኖስ የተባለ የፍልስጥኤም ጦር አዛዥ ደሴቲቱን ከዓረቦች በጦርነት አስመለሰ። ከዚያ ለሮም፣ ማለትም ለቢዛንታይን ነጋዴዎች ሰጣት። ራሳቸውን እያስተዳደሩ እንዲኖሩባት፣ የህንድን ዕቃ እያስገቡ የተቆረጠባቸውን ግብር ለንጉሥ እንዲከፍሉ። ልብ በሉ፣ «እንዲኖሩባት» ነው። ነጋዴ በኖረበት ቦታ መጋዘን ይቆማል፣ እንስራ ይሰበራል፣ ሳንቲም ይወድቃል፣ ሰው ይሞትና ይቀበራል። ይሄ ሁሉ የት ገባ? ባሕር ዳር ያለ ደረቅ ቦታ ደግሞ ሸክላን ለሺህ ዓመት ያቆያል እንጂ አይበላም።

ዋዘኛው፦
ፕሮኮፒዮስ ቲራንን ሳያያት፣ ሮተንበርግ ዮታቤን ሳያገኛት፣ እኛ ሁለቱንም ሳናይ እየተከራከርን ነው 😂 ቀጥሉ፣ ቡና አፍልቻለሁ።

ኤላት ነዋሪ፦
እኔ የምኖረው ኤላት ነው። ከዚህ ትንሽ ወደ ደቡብ፣ ከታባ ወረድ ስትሉ የፈርዖን ደሴት የምትባል አለች። በግብፅ በኩል ከዳርቻው ጥቂት መቶ ሜትር ብትርቅ ነው። በጀልባ ስታልፉ ጉብታዎቿ ላይ ምሽጉ ቆሞ ይታያል። በመሬቱ በኩል ደግሞ ጀልባ የሚደበቅባት ትንሽ ወደብ አለቻት። ዙሪያዋን የግንብ ፍርስራሽ ነው። አንድ ሰው «የጠፋ የደሴት ከተማ አሳየኝ» ቢለኝ ወዴት እንደምወስደው ግልጽ ነው። እንደዚህ ያሉ ምሁራንም አሉ፣ እኔ የፈጠርኩት አይደለም።

ቀለሟ፦
ወንድሜ፣ የፈርዖን ደሴት ከአይላ ስንት ትርቃለች? 15 ኪሎ ሜትር እንኳ በወጉ አትሞላም። ፕሮኮፒዮስ 1000 ምዕራፍ ሲል 80 ማለቱ ነው ልንል ነው? በዚያ ላይ ከእሷ በኋላ ሰፊ ባሕር አይከፈትም። ሁለቱም ዳር ገና 160 ኪሎ ሜትር ያህል አብሮህ ይሄዳል። የምታየው ምሽግ ደግሞ የመካከለኛው ዘመን ነው። ሳላሃዲን በ1170 ከመስቀል ጦረኞች የነጠቀው ነው። ግንብ ስላለ ብቻ ዮታቤ አትሆንም።

ኤላት ነዋሪ፦
የመካከለኛው ዘመን ምሽግ ከሥሩ ምንም የለውም ያለው ማነው? ሰው እኮ ድሮም በተሠራበት ላይ ነው የሚሠራው።

የአዱሊስ ነጋዴ፦
እዚህ ላይ ከቀለሟ ጋር ነኝ። ሰው ለጉምሩክ ኬላ ቦታ ሲመርጥ ማለፊያውን ነው የሚመርጠው። በፈርዖን ደሴት ቀረጥ ልቀበል ካልክ አይላ ወደቡ ላይ ቁጭ ብለህ መቀበል ትችላለህ፤ የግማሽ ቀን መንገድ አይሞላም። ለምን ሁለት ቢሮ ትከፍታለህ? የዮታቤ ጥቅም መርከቡ ወዴትም ሳይሸሽ በሩ ላይ መያዟ ነው። ስለዚህ በሩ አካባቢ መሆኗን እኔም አምናለሁ። የማልቀበለው «ቲራን ናት፣ አበቃ» የሚለውን ነው።

ዲያቆን፦
ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። እኔ ከእኛ ወገን ልግባ። ኅዳር 26 የናግራን ሰማዕታትን እናስባለን። የደቡብ ዓረቢያው የሂምያር ንጉሥ ዩሱፍ፣ ዓረቦቹ ዙ ኑዋስ የሚሉት፣ በ523 የናግራንን ክርስቲያኖች አስፈጀ። የናግራን ክርስቲያኖች አለቃ ቅዱስ ሂሩት አንገቱን ሰጠ። አፄ ካሌብም በ525 ባሕሩን ተሻግሮ ዘመተ። እዚህ ድረስ ሁላችንም የምናውቀው ነው።

ብዙ ሰው የማያየው የመርከቡን ዝርዝር ነው። በግሪክ የተጻፈው የቅዱስ ሂሩት ገድል አዱሊስ ወደብ ላይ የተሰበሰቡትን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ከአይላ 15፣ ከክሊስማ (በዛሬዋ ስዊዝ አጠገብ) 20፣ ከዮታቤ 7፣ ከበረኒቄ (የግብፅ ወደብ) 2፣ ከፈረሳን ደሴቶች 7፣ ከህንድ 9። ድምሩ 60። ካሌብ ራሱ ያሠራቸው 10 ይጨመራሉ። አያችሁ? ዮታቤ በረኒቄን ያህል ስመ ጥር ወደብ በልጣ ነው የተቆጠረችው። 7 መርከብ ያላት ደሴት ባዶ ድንጋይ አይደለችም።

የአዱሊስ ነጋዴ፦
ዲያቆን፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። እኔም ልደርስበት የነበረው እዚሁ ነው። 7 መርከብ ማለት ሠራተኛ፣ ገመድ፣ ሸራ፣ እንጨት ጠጋኝ፣ ስንቅ፣ ከሁሉም በላይ የሚጫን ውኃ ማለት ነው። ከቲራን አዱሊስ ድረስ ስንት ቀን ነው? ውኃ ሳይጭን የሚነሣ የለም።

መንገዱ ደግሞ የተረት መንገድ አይደለም። በአይላ የተሠሩ ባለ ሁለት ጆሮ እንስራዎች አዱሊስ ላይ ተገኝተዋል። አክሱም ላይም ተገኝተዋል። ከኤርትራ ዳርቻ ፊት ለፊት፣ ጥቁር አሳርካ በምትባል ደሴት አጠገብ የሰጠመ መርከብ ውስጥም ያው እንስራ አለ። እነዚህ እንስራዎች ሁሉ በዮታቤ አጠገብ ነው ያለፉት። አዱሊስ ላይ ሸክላው አለ፣ አክሱም ላይ አለ፣ ባሕር ውስጥ አለ፣ ማለፊያው ላይ ግን የለም። ይሄ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ።

ቀለሟ፦
የውኃውን ነገር በጣም እያጋነናችሁት ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያቁት አል ሐመዊ ስለ ታራን ደሴት የሰበሰበውን ስሙ። ታራን ያላት ይቺኑ ቲራንን ነው፤ በቁልዝምና (ክሊስማን ዓረቦቹ የሚጠሩበት ስም ነው) በአይላ መካከል ያለች ይላታል። በኑ ጀዳን የሚባሉ ድሆች ይኖሩባታል። እርሻ የላቸውም። የሚታለብ ከብት የላቸውም። ጣፋጭ ውኃ የላቸውም። የሚበሉት ዓሣ ነው። ቤታቸው የተሰበረ መርከብ ነው። ውኃና እንጀራ የሚያገኙት ከመንገደኛ ለምነው ነው። ነፋሱና አዙሪቱ መርከብ እንደሚሰብርም ተጽፏል።

ስለዚህ ሰው ያለ ምንጭ ኖሮባታል። ይኸው ተጽፎ። ቤቱን ደግሞ በመርከብ ስባሪ የሚሠራ ሰው ለሮተንበርግ ምን ፍርስራሽ ይተውለታል? ጋላፊ ኬላን ያየ ሰው ይፍረደኝ። ውኃ በቦቴ እየመጣለት ስንት ሰው ይነግድበታል! ቀረጥ ካለ ሰው አለ፣ ሰው ካለ ውኃ የሚያመጣለት አይጠፋም።

ዋዘኛው፦
ቤታቸው የተሰበረ መርከብ፣ ምግባቸው ዓሣ፣ ውኃቸው ልመና። የባሕር ዳር ኪራይ እንዲህ ነው እንግዲህ።

የአዱሊስ ነጋዴ፦
ጥሩ ምስክር ነው ያመጣሽው፣ ግን ለኔ ነው የመሰከረልኝ። ያቁት የሚገልጻቸው ለማኞች ናቸው። ዮታቤ ለማኝ አልነበረችም።

እስቲ የ473ቱን ታሪክ ልንገራችሁ፣ በጣም ስለምወደው። አሞርቄሶስ የሚባል የዓረብ አለቃ አለ፣ ኢምሩል ቀይስ መሆኑ ነው። በፋርስ ወገን ነበረ። ከዚያ ወደዚህ ወረደ፣ ዮታቤን ያዘ፣ የሮምን ቀራጮች አባረረ፣ ቀረጡን ራሱ መብላት ጀመረ። ከዚያ ምን ሆነ? በሀብት ላይ ሀብት ጨመረ። ሲጠግብ የነገዱን ጳጳስ ጴጥሮስን ቁስጥንጥንያ ላከና ሹመት ጠየቀ። የቢዛንታይኑ ንጉሥ ልዮን ተናዶ ጦር አላከበትም። እንዲያውም ጠራው። ማዕዱ ላይ አስቀመጠው። ከመኳንንቱ ጋር አስገባው፣ ወንበሩንም ከፓትሪኮች፣ ከከፍተኛ ባለማዕረጎቹ፣ መካከል አደረገለት። በወርቅና በዕንቁ ያጌጠ ምስል ሸለመው። ሹመቱን ሰጥቶ፣ ደሴቲቱን ለቆለት፣ ሌላም መንደር ጨምሮለት ሸኘው። ይህን የጻፈው ማልኮስ በንጉሡ በጣም ተበሳጭቷል። ሹመቱን እዚያው እንዳለ ላክለትና ይብቃው እንጂ ምን ብለህ በየከተማው አሳልፈህ ድክመትህን ታሳየዋለህ ነው የሚለው።

እንግዲህ አንድ ሽፍታ የያዛት ደሴት ከንጉሥ ጋር ማዕድ ካስቀመጠችው፣ ገቢዋ ቀላል አልነበረም። ይህን ያህል ብር የገባበት ቦታ በእንጨት ስባሪ ብቻ አልተሠራም። ቢያንስ ቤተ ክርስቲያን በድንጋይ ይሠራል። ጳጳስ ነበራት እኮ!

ዲያቆን፦
የጳጳሱን ነገር ላጠናክር። የኬልቄዶንን ጉባኤ እኛ ባንቀበለውም የተሰብሳቢዎቹ ዝርዝር ግን ይጠቅማል 🙂 በ451 እዚያ ከተቆጠሩት አንዱ የዮታቤው ጳጳስ መቃርዮስ ነው። በ536 የኢየሩሳሌም ጉባኤ ላይ ደግሞ አናስጣስዮስ ዘዮታቤ አለ። በመካከሉ 85 ዓመት ነው። ያ ሁሉ ወረራና ማስመለስ እየተፈራረቀ መንበሩ አልጠፋም። መንበር ካለ ምእመን አለ፣ ምእመን ካለ መቃብር አለ።

አንድ የሚከነክነኝም አለ። ፕሮኮፒዮስ በደሴቲቱ ላይ ከጥንት ጀምሮ አይሁድ ራሳቸውን እያስተዳደሩ ይኖሩ ነበር፣ በዩስጢንያኖስ ዘመን ነው ለሮም የተገዙት ይላል። የካሌብ ዘመቻ ደግሞ ይሁዲ በሆነ ንጉሥ ላይ ነው፣ ያውም ከዩስጢንያኖስ መንገሥ በፊት። ታዲያ 7ቱን መርከብ የሰጠው ማነው?

ቀለሟ፦
ነጋዴዎቹ ናቸው። በ498 ደሴቲቱን የተረከቡት። መርከብ ደግሞ የባለቤቱን ሃይማኖት አይጠየቅም፤ ንጉሥ ከፈለገው ይወሰዳል።

ካይሮ ያለሁ፦
ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። ይህ ነገር ለምን እንዲህ እንደሚያጣላ ካላነሣን ክርክሩ ግማሽ ነው። ኅዳር 7 ቀን 1956 ቤን ጉርዮን የእስራኤል ምክር ቤት ፊት ቆሞ ይህንኑ የፕሮኮፒዮስን አንቀጽ ጠቀሰ። ቲራን ዮጥባት ናት፣ ከ1400 ዓመት በፊት ነፃ የዕብራውያን አገር ነበረች አለ። ጦሩ ደሴቲቱን በያዘ ሰሞን ማለት ነው። በ6ኛው መቶ ዘመን የተጻፈች አንዲት ዐረፍተ ነገር የጦርነት ማስረጃ ሆነች።

ከዚያ በ1967 የግብፁ ናስር የቲራንን ወሽመጥ ዘጋ፣ ሌላ ጦርነት መጣ። በ2016 ደግሞ የግብፅ መንግሥት ቲራንና ጎረቤቷ ደሴት ሰናፊር የሳዑዲ ናቸው ብሎ ተፈራረመ። እዚህ ሰው አደባባይ ወጣ። ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት በጥር 2017 ስምምነቱን ውድቅ አደረገው፣ በሰኔ ግን ፓርላማው አጸደቀው። በዚያን ሰሞን የታክሲ ሹፌሩ ሁሉ የታሪክ ሊቅ ሆኖ ነበር። ፈርዖንም ሮምም ዑስማኒያም እየተጠራ። ዮታቤን ግን ማንም አላነሣትም፣ ለማንኛቸውም ስለማትመች።

አወያይ፦
ካይሮ፣ ልኩ ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ወደ ባለቤትነቱ አንግባ።

ቀለሟ፦
አንግባ። ግን አንድ ነገር ይመዝገብልኝ። ቤን ጉርዮን ስለተጠቀመበት ልኬቱ አይበላሽም። አቤል የተባለው የኢየሩሳሌም ዶሚኒካዊ መነኩሴ ስለ ዮታቤ የጻፈው በ1938 ነው። ያኔ እስራኤል የምትባል አገር ራሷ አልቆመችም።

የአዱሊስ ነጋዴ፦
ልክ ነው፣ ሐሳቡ ከፖለቲካው ይቀድማል። ግን ፖለቲካው ያመጣውን ጣጣም እይ። ደሴቲቱ የጦር ቀጠና ሆና ቀረች። ሻርም አል ሼክ ያለ ቱሪስት በዙሪያዋ ጠልቆ ኮራል ያያል፣ ላይዋ ላይ ግን አካፋ ይዞ የሚወጣ የለም። ስለዚህ «አልተገኘም» የምንለው ለጥቂት ቀን ወርዶ ባየ ሰው ዓይን ነው። ይሄን ለአንቺ ወገን እንደ ክርክር ልትጠቀሚበት ትችያለሽ፣ እኔ ራሴ ሰጠሁሽ። ግን «አልተፈለገችም» ማለት «እዚያ ናት» ማለት አይደለም። ፊሊፕ ማየርሰን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1992 ምንጮቹን አንድ በአንድ መልሶ አይቶ ቲራን መባሏን የተጠራጠረው ያለ ነገር አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ፕሮኮፒዮስ የፍልስጥኤም ቂሳርያ ልጅ ነው፤ የባሕሩን ወሬ ከመርከበኛ ሰምቶ ሊሆን ይችላል። መርከበኛ «ከ1000 አያንስም» ሲል ሜትር ዘርግቶ ለክቶ አይደለም። ድፍን ቁጥር ነው። ማነሱን ነው የከለከለው፣ መብለጡን አልከለከለም። ከበሩ ወጣ ብለሽ በዓረቢያ ዳርቻ ብትወርጂ ደሴት ሞልቷል። መርከበኞቹ ሲመሽባቸው የሚያርፉት በግራው ዳርቻ ነው ብሏል ራሱ። እዚያኛው ዳር ላይ ደግሞ ከመሬት ውኃ ማመላለስ ይቀላል።

ቀለሟ፦
እሺ፣ ግን ሁለቱ ዳር እስከ ደሴቲቱ ድረስ ይታያል ያለውንስ? ከበሩ ከወጣህ በኋላ በቀኝ ምን ታያለህ? ቁጥሩን ብትጠራጠር ይሁን፣ የዓይን ምስክሩን ግን ልትጥለው አትችልም። መርከበኛ ቁጥር ሊስት ይችላል፣ ምድር መታየትና አለመታየቱን ግን አይስትም። ሕይወቱ ነው።

ዲያቆን፦
ይሄ ጠንካራ ነው። አዱሊስ፣ ይህን መልስ።

የአዱሊስ ነጋዴ፦
መልስ አለኝ። በር ላይ መሆኗን ቀድሜም ተቀብያለሁ፤ በሩ ላይ ያለችው ግን ቲራን ብቻ አይደለችም። አጠገቧ ሰናፊር አለች። ታንሳለች፣ ወደ ዓረቢያው ዳር ትጠጋለች፣ በደቡብ በኩል ነፋስ የማያገኘው የባሕር እጥፋት አላት። ከሁለቱ 7 መርከብ የት ታሳድራለህ ብትሉኝ እኔ ሰናፊር ነው የምለው። ሁሉም ግን ትልቋን አይቶ ትንሿን ረሳት። ከሰናፊር የተነሣ የሸክላ ስባሪ ፎቶ ያለው ወይም ጥናት ያየ ሰው ካለ እዚህ ይለጥፍ፣ አመሰግናለሁ።

ኤላት ነዋሪ፦
ፈርዖን ደሴትን ጨርሳችሁ ጣላችኋት ማለት ነው?

ዋዘኛው፦
ጋሼ፣ በጀልባ ስናልፍ ሰላም እንላታለን።

ቀለሟ፦
አዱሊስ፣ ስንት ሰዓት ሙሉ በውኃ ስታስጨንቀኝ ቆይተህ ሰናፊር ገባህ? እሷም እኮ ምንጭ የላትም።